ስዊቹ ሁሉን ያያል፣ ኮምፒውተሮቹ ግን አይተያዩም

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ውስጥ አንድ ቡና ማበጠሪያ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። በክፍሉ ያለሁት ብቻዬን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ያገለገለ ሲስኮ 3560 ስዊች (የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች የሚሰኩበት ሳጥን) ተገዝቶ መጣልኝና ኔትዎርኩን በሦስት ቪላን፣ ማለትም በተለያዩ ሦስት ትንንሽ ኔትዎርኮች፣ ከፈልኩት። ቪላን 10 ሒሳብ ክፍል፣ ቪላን 20 መጋዘንና ሚዛን ቤት፣ ቪላን 30 ደግሞ ሰርቨሩ፣ ፕሪንተሩና የኢንተርኔት ራውተሩ ናቸው። ጌትዌዮቹ (ከየቪላኑ መውጫ በሮቹ) 192.168.10.1፣ 192.168.20.1 እና 192.168.30.1 ሲሆኑ ሦስቱም ስዊቹ ላይ ናቸው። ራውተሩ 192.168.30.254፣ ሰርቨሩ 192.168.30.10 ነው። የኮምፒውተሮቹን አድራሻ በእጄ ነው የሞላሁት። ሁለት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስገባ በአንድ ቪላን ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው ግን ምንም አያልፍም። ስዊቹ ላይ ሆኜ ፒንግ ሳደርግ («አለህ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ) ሁሉም ይመልስልኛል። ‹ሾው ቪላን› ስል ሁሉም ቪላን አለ፣ ፖርቶቹም በየቦታቸው ናቸው። ‹ሾው አይፒ ራውት› ስል ‹ዲፎልት ጌትዌይ ኢዝ 192.168.30.254› ይልና ከታች ‹አይሲኤምፒ ሪዳይሬክት ካሽ ኢዝ ኤምፕቲ› ይላል። ኬብል ቀየርኩ። ራውተሩን ሪሴት አድርጌ የኢንተርኔቱን ፓስወርድ እንደገና አስገባሁ። ሰርቨሩ ኢንተርኔት አጥቶ ስለነበር ጌትዌዩን 192.168.30.254 አደረግኩትና እሱ ተስተካከለ። የቀረው እንዳለ ነው። አንድ የመጣ ባለሙያ ‹መብራቱ ስዊቹን በልቶታል፣ ይቀየር› አለ። ሚዛን ቤቱ ኪሎውን በወረቀት ጽፎ በእግር ወደ ሒሳብ ክፍል ይልካል። ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ ይጠይቀኛል። እውነቱን ልንገርዎት፤ መጨረሻ ላይ ሴቭ ማድረጌን እርግጠኛ አይደለሁም። ለአለቃዬ ምን ልበል?

ግራ የገባት፣ ከፈረንጅ አራዳ»

እህቴ፣ ስዊቹን ለመቀየር የተጻፈ የግዢ ጥያቄ ካለ ዛሬውኑ አስመልሺው። ስዊችሽ ደህና ነው። መብራት የበላው ስዊች ሦስት ቪላን በየቦታው ይዞ፣ አድራሻዎቹን አስታውሶ፣ ለፒንግ እየመለሰ አያድርም። የተቃጠለ ዕቃ እንዲህ ጨዋ አይደለም።

መልሱ ያለው አንቺው በጻፍሽው ደብዳቤ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው «ኔትዎርኩ አልሠራ አለኝ» ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል። ሐኪም ቤት ገብቶ «አሞኛል» ካለ በኋላ ዝም እንደሚል ሰው ማለት ነው። አንቺ ግን ስዊቹ የተናገረውን ቃል በቃል ጽፈሽልኛል። እነዚያ ሁለት መስመሮች ናቸው ጉዳዩን ያወጡት። (ትዕዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። ስዊቹ ላይ እንዴት እንደሚጻፉ ታውቂያለሽ።)

ራውቲንግ፣ ማለትም ከአንዱ ኔትዎርክ ወደ ሌላው ማሻገር፣ የሚሠራ ስዊች «ሾው አይፒ ራውት» ሲባል መጀመሪያ የፊደላት መፍቻ ይደረድራል። ከዚያ የሚያውቃቸውን ኔትዎርኮች ይዘረዝራል። በአንቺ ቤት ቢያንስ ሦስት መስመሮች በ«ሲ» ፊደል ጀምረው መውጣት ነበረባቸው። 192.168.10.0 በቪላን 10፣ 192.168.20.0 በቪላን 20፣ 192.168.30.0 በቪላን 30 በኩል በቀጥታ ተያይዟል የሚሉ። ላንቺ የወጣልሽ ግን «ዲፎልት ጌትዌይ ኢዝ» የሚል ነው። ይህ የራውተር መልስ አይደለም። እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር «እኔም ጌትዌይ አለኝ» እያለሽ ነው። በአጭሩ «አይፒ ራውቲንግ» የሚለው ትዕዛዝ አሁን ስዊቹ ላይ የለም። 3560 ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ነገር ዝግ ነው። ሰው በእጁ ካልከፈተው አይከፈትም።

«ታዲያ ከስዊቹ ሁሉንም ፒንግ ማድረግ እንዴት ቻልኩ?» ትዪኛለሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ሦስት ክፍል ያለው አንድ ግቢ አስቢ። ዘበኛው የሦስቱንም ቁልፍ ይዟል። ራሱ ወደየትኛውም ገብቶ፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። ሒሳብ ክፍል ሆነሽ «ይህን ወረቀት ለመጋዘን አድርስልኝ» ስትዪው ግን «መላላክ ሥራዬ አይደለም» ይልሻል። አይፒ ራውቲንግ ያልተከፈተበት ስዊች ይህ ዘበኛ ነው። በየቪላኑ አድራሻ ስላለው ሁሉን ያያል። ፒንግሽን የመለሱት ለእሱ ለራሱ ነው። የሌላውን ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ተቀብሎ ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው ግን አያሻግርም።

እንግዲህ የሆነውን ልገምት። የመጀመሪያ ቀን ቪላኖቹን ሠራሽ፣ ፖርቶቹን ደለደልሽ፣ አድራሻዎቹን ሰጠሽ፣ ስዊቹን ከሩቅ ለመግባት እንዲመችሽ «አይፒ ዲፎልት ጌትዌይ» ጨመርሽ፣ ሴቭ አደረግሽ። በማግስቱ ወይም ከሰዓት በኋላ ቪላኖቹ እንደማይገናኙ አየሽ። የሆነ ቦታ አነበብሽና «አይፒ ራውቲንግ» ጻፍሽ። ወዲያው ሠራ! ደስ አለሽ፣ ላፕቶፑን ዘጋሽ፣ ቡና ልትጠጪ ወጣሽ። ያ ትዕዛዝ የተቀመጠው ጊዜያዊው ማስታወሻ ላይ ብቻ ነበር። ሐሙስ ሌሊት መብራቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ። ስዊቹ ሲነሳ የሚያነበው የመጀመሪያ ቀን ያስቀመጥሽለትን ነው።

ቪላኖቹ አለመጥፋታቸው ነው ያሳሳተሽ። እነሱ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው። በስዊቹ ውስጥ ባለው ፍላሽ ላይ «ቪላን ዳት» የሚባል ፋይል አለ። ቪላን ስትፈጥሪ ስዊቹ ሴቭ እስክትዪው ሳይጠብቅ እዚያ ይጽፈዋል። ስለዚህ «ሾው ቪላን» ሙሉ ሆኖ መታየቱ ኮንፊጉ (ስዊቹ የያዘው የትዕዛዝ ዝርዝር) ሙሉ ነው ማለት አይደለም።

ግምቴን ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ሾው ቨርዥን» ብለሽ አፕታይሙን፣ ማለትም ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ እዪ። ከሐሙስ ሌሊት የሚቆጥር ከሆነ ስዊቹ ጠፍቶ ተነስቷል። ቀጥሎ ሴቭ የተደረገውን የሚያሳየውን «ሾው ስታርትአፕ ኮንፊግ» በዪና «አይፒ ራውቲንግ» የሚል መስመር ፈልጊ። ካጣሽው ነገሩ አለቀ። (ግልገል ጊቤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው እዚሁ ደጃችን ነው። መብራቱ ግን እኛን ሳይሰናበት ይሄዳል። ይህን ለመብራት ኃይል እተወዋለሁ።)

አሁን ወደ ኮንፊግ ገብተሽ ያን ትዕዛዝ ለመጻፍ እጅሽ እንደሚጣደፍ አውቃለሁ። ቆይ። ሐሙስ ሌሊት የነበረብሽ ችግር አንድ ነበር። ዓርብ ማታ ግን ሦስት ሆኗል። ሁለቱን ያመጣሻቸው ራስሽ ነሽ። ልቆጣሽ ፈልጌ አይደለም፣ ሁላችንም አድርገነዋል። ይህን ሳታውቂ «አይፒ ራውቲንግ» ብትዪ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ያኔ «ይህም አይደለም ማለት ነው» ብለሽ ትክክለኛውን መድኃኒት መልሰሽ ታወጪዋለሽ።

የመጀመሪያው የሰርቨሩ ጌትዌይ ነው። 192.168.30.254 ስታደርጊው ኢንተርኔት አገኘ፣ ስለዚህ የተስተካከለ መሰለሽ። ነገሩን ግን ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር በኩል እዪው። ከ192.168.10.25 የተነሳ ፓኬት ስዊቹ አሻግሮት ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ሰርቨሩ ሊመልስ ሲል «10.25 የኔ ሰፈር ሰው አይደለም፣ ለጌትዌዬ ልስጠው» ይላል። ጌትዌዩ ራውተሩ ነው። ራውተሩ ደግሞ ከሪሴቱ ወዲህ 192.168.10.0 የሚባል ኔትዎርክ አያውቅም። ወደ ኢንተርኔት አቅጣጫ ይወረውረዋል፣ እዚያው ይቀራል። ልጅ ከአጂፕ መርካቶ በባጃጅ ልከሽ የመመለሻውን ሳንቲም እንደመርሳት ነው። ልጁ ደርሷል። አንቺ ግን «አልደረሰም» ብለሽ ትጨነቂያለሽ።

ሁለተኛው ራውተሩ ነው። ሪሴት ስታደርጊው የኢንተርኔቱን ፓስወርድ መለስሽ። ግን በፊት ሁለት ሳምንት ሒሳብ ክፍልና መጋዘን ኢንተርኔት ይጠቀሙ ከነበረ ራውተሩ ላይ ወደ እነሱ የሚመልሱ መንገዶች ተጽፈው ነበር ማለት ነው። ሪሴቱ እነሱንም ጠርጓቸዋል። ሌላም አለ። የዚህ ዓይነት ትንንሽ ራውተር ሪሴት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ ዲኤችሲፒው (አድራሻ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት) ተከፍቶ ነው የሚነሳው። ቪላን 30 ውስጥ አድራሻ በእጅ ያልተሞላለት ዕቃ ካለ ራሱን ጌትዌይ አድርጎ ያድለዋል። አንቺ አድራሻውን በእጅሽ ስለምትሞዪ ዝጊው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የሰርቨሩን ጌትዌይ ወደ 192.168.30.1 መልሺ። የፕሪንተሩንም እግረ መንገድሽን እዪው። ፕሪንተር ላይ ጌትዌይ መሙላት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ከራሱ ቪላን ያትማል፣ ከሌላው አያትምም። ከዚያ ስዊቹ ላይ ኮንፊግ ውስጥ ገብተሽ «አይፒ ራውቲንግ» በዪ። ወጥተሽ «ሾው አይፒ ራውት» ስትዪ እነዚያ የ«ሲ» መስመሮች ይመጣሉ። አዲስ ሶፍትዌር ከሆነ አብረዋቸው በ«ኤል» የሚጀምሩ ይኖራሉ፣ አትደንግጪ፣ የስዊቹ የራሱ አድራሻዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ራውቲንግ ሲከፈት ያ «አይፒ ዲፎልት ጌትዌይ» ያልሽው ዋጋ ያጣል። ኮንፊጉ ውስጥ ተጽፎ ይታያል፣ ስዊቹ ግን አያየውም። በምትኩ «አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 192.168.30.254» ብለሽ መጻፍ አለብሽ። ይህ ከሌለ ቪላኖቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። እርግጠኛ ነኝ ይህም ከሐሙሱ መብራት ጋር ጠፍቷል።

ቀጥሎ ራውተሩ ላይ ሁለት ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ)። ወደ 192.168.10.0 በማስክ (የኔትዎርኩን ወሰን በሚናገረው ቁጥር) 255.255.255.0 በ192.168.30.1 በኩል። ወደ 192.168.20.0 እንዲሁ። አንዳንድ ርካሽ ራውተር «ናት» የሚባለውን፣ የውስጥ አድራሻን ወደ ኢንተርኔት አድራሻ መለወጡን፣ የሚሠራው ለራሱ ኔትዎርክ ብቻ ነው። የአንቺ በፊት ይሠራ ስለነበር ይህ አያሳስብሽም። ወደፊት ራውተሩ ሲቀየር ግን አስታውሺው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዚህ ሳምንት ግን አይደለም። ራውተሩን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ቪላን ማኖሩን አልወደውም። ሰርቨሩ ሁለት በር እያየ ይኖራል፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይመልሳል። የሰርቨሩ ጌትዌይ ራውተሩ ከሆነ፣ የመመለሻ መንገድ ቢኖረው እንኳ ራውተሩ የንግግሩን ግማሽ ብቻ ስለሚሰማ ሊጠራጠርና ሊጥለው ይችላል። ያኔ ፒንግ ይሄድልሻል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ይህ ሰውን ያሳብዳል። ሲመችሽ ለራውተሩ የብቻው ትንሽ ቪላን ስጪው፣ ውስጡ ስዊቹና ራውተሩ ብቻ ይሁኑ።

አሁን ፈተናው። ከሒሳብ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጪ። «አይፒኮንፊግ» ብለሽ አድራሻውን፣ ማስኩንና ጌትዌዩን አንብቢ። በዓይንሽ አንብቢ፣ «እኔ ነኝ የሞላሁት» አትበዪ። ማስኩ 255.255.0.0 የሆነ ኮምፒውተር ካለ 192.168.20 እና 192.168.30 የሚጀምሩትን ሁሉ የራሱ ሰፈር ያደርጋቸዋል። ጌትዌይ ጋ ሳይሄድ እዚያው ቪላኑ ውስጥ እየተጣራ ይቆማል።

ከዚያ በቅርብ ጀምረሽ ወደ ሩቅ ሂጂ። 192.168.10.1 መለሰ? ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ኬብል፣ ፖርት፣ የተሳሳተ ቪላን። ከመለሰ ወደ 192.168.30.1 እለፊ። ይህ ሲመልስ ግን ራውቲንጉ ተከፍቷል ብለሽ አትደምድሚ። አድራሻው የስዊቹ የራሱ ነው፣ ዘበኛው ራሱ ሊመልስልሽ ይችላል። ፍርዱን የሚሰጠው ከኋላ ያለው 192.168.30.10 ነው።

30.1 መልሶ 30.10 እምቢ ካለ ወደ ስዊቹ ተመለሺና የምወዳትን ትዕዛዝ ሞክሪ፦ «ፒንግ 192.168.30.10 ሶርስ ቪላን 10»። ተራው ፒንግ ከስዊቹ ሲወጣ የሚለብሰው 192.168.30.1 የሚለውን አድራሻ ነው። ለሰርቨሩ የራሱ ሰፈር ሰው ስለሆነ ያለምንም ጌትዌይ ይመልስለታል። በደብዳቤሽ «ሁሉም ይመልስልኛል» ያልሽው ምንም ያላረጋገጠልሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሶርሱን (የላኪውን አድራሻ) ቪላን 10 ስታደርጊው ግን ፓኬቱ የሒሳብ ክፍል ሰው ሆኖ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም ለመመለስ ጌትዌዩን መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ተራው ሠርቶ ይህኛው ካልሠራ መጀመሪያ የሰርቨሩን ጌትዌይ ጠርጥሪ።

ጌትዌዩ ትክክል ሆኖም ከሌላ ቪላን የሚሄደው ፒንግ የማይሠራበት ቀን አለ፣ በተለይ ወደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር። ከሒሳብ ክፍል ወደ ሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ፒንግ ብለሽ ዝም ቢልሽ ስዊቹ ላይ አትዝመቺ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግ ሲከፈት አብሮ የሚከፈተው የፒንግ ፈቃድ በፕራይቬትና በፐብሊክ ፕሮፋይል ለራሱ ሰብኔት (ለራሱ ሰፈር) ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሲያንኳኳ ይከፍታል፣ ከሌላ ቪላን የመጣውን ዝም ይላል። የተጋራ ፎልደርም እንዲሁ ነው። ችግሩ ልክ የራውቲንግ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ፋየርዎሉን ለአምስት ደቂቃ ዘግተሽ ፈትኚ። ከመለሰ መልሰሽ ክፈቺውና ፈቃዱ ላይ የሌሎቹን ሁለት ቪላኖች ኔትዎርክ ጨምሪ። ዘግተሽው አትሂጂ። ሚዛን ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካ አንቺም ታውቂያለሽ።

ሌላ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ቀድመሽ ገብተሽ «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ስትዪ ቪላን 20 ዳውን ብሎ ልታዪው ትችያለሽ። የእሱ መስመርም ከራውት ዝርዝሩ ይጠፋል። አልተበላሸም። መጋዘንና ሚዛን ቤት ኮምፒውተሮቻቸውን ገና አልከፈቱም ማለት ነው። በአንድ ቪላን ውስጥ አንድም የበራ ፖርት ከሌለ፣ ቪላኑን የሚያሳልፍ ትራንክም (የብዙ ቪላኖችን ዳታ በአንድ ኬብል ከስዊች ወደ ስዊች የሚወስድ መስመር) ካልተሰካ፣ ስዊቹ የዚያን ቪላን ጌትዌይ ያወርደዋል። አንዱ ኮምፒውተር ሲበራ ይነሳል።

አክሰስ ሊስት (ማን ይለፍ፣ ማን ይከልከል የሚል ዝርዝር) ስላልጻፍሽ ስለ እሱ ብዙ አልልም። አንድ ቀን «መጋዘን ወደ ሒሳብ ክፍል አይግባ» ስትባዪ ግን ይህን አስቢ፦ ቪላን ኢንተርፌስ ላይ «ኢን» ማለት ከዚያ ቪላን ኮምፒውተሮች ወደ ስዊቹ የሚገባው ነው። ብዙ ሰው ገልብጦ ይጽፈዋል። መጨረሻው ላይ የማይታይ «ሁሉም ይከልከል» እንዳለም አትርሺ።

ትራንክ ካልኩ የራሴን ውርደት ላውራሽ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሕንፃ ነበረው። ስዊቾቹ በትራንክ የተያያዙ ናቸው። አዲስ ቪላን 40 ትራንኩ ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ነበረብኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ በሪሞት ገባሁና «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 40» ብዬ ኢንተር መታሁ። «አድ» የምትል አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ያለ እሷ ትዕዛዙ ዝርዝሩን ሁሉ ጥሎ 40ን ብቻ ይተዋል። ስክሪኔ ደረቀ። ሁለተኛው ሕንፃ በሙሉ ተቆረጠ፣ እኔም አብሬ ተቆረጥኩ። ውጭ የጅማ ዝናብ ይወርዳል። ባጃጅ የለም። ስዊቹ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ኮንሶል ኬብሌን በፌስታል ጠቅልዬ በጭቃ ሄድኩ። ስደርስ ዘበኛው «ማታ ማታ ምን ትሠራለህ?» ብሎ በር ላይ አቆመኝ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ «ፍተሻ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ አስጊ ነገር ከመንካቴ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ። ስዊቹ ከአስር ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ ከጠየቀኝ «ኖ» እለዋለሁ። ሥራው ከተሳካ «ሪሎድ ካንስል» ብዬ ሴቭ አደርጋለሁ። ከተበላሸብኝ ቡናዬን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ስዊቹ የድሮውን ኮንፊግ ይዞ ይነሳል። አንቺን ሐሙስ የጎዳሽ ያው ነገር እኔን ያድነኛል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» በዪ። ቀጥለሽ «ሾው ስታርትአፕ ኮንፊግ» ላይ «አይፒ ራውቲንግ» መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ኮንፊጉን ሙሉውን ገልብጠሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። የቪላኖቹን ቁጥርና ስምም ለብቻ ጻፊ። ስዊቹ በቪቲፒ (ስዊቾች የቪላን ዝርዝር የሚለዋወጡበት ዘዴ) ሰርቨር ሁኔታ ላይ ከሆነ እነሱ ራኒንግ ኮንፊግ ውስጥ አይታዩም፤ ስዊቹ አንድ ቀን የእውነት ቢቃጠል ኮንፊጉን አዲሱ ላይ ትለጥፊና ቪላን አልባ ሆኖ ያስደነግጥሻል።

ለአለቃሽ ምን እንደምትዪ ጠይቀሽኛል። የሆነውን ንገሪው፣ አጭር አድርጊው። «ስዊቹ ላይ አንድ ትዕዛዝ ሴቭ ሳላደርግ ቀርቼ መብራቱ ሲጠፋ ጠፍቷል። አግኝቼ መልሼዋለሁ። አዲስ ስዊች አያስፈልገንም። ለዚህኛው ግን ትንሽ ዩፒኤስ ይገዛልን።» የስዊች ወጪ የቀረለት ሥራ አስኪያጅ ስለ አንድ ያልተቀመጠ ትዕዛዝ ብዙ አይነዘንዝም። «መብራቱ ነው ያበላሸው» ብለሽ ብታልፊው ግን ሌላ ቀን መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው አንቺን ነው የሚያየው። ይቀየር ያለውንም ባለሙያ በአለቃሽ ፊት አታሳጪው። ነገ ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ) ወይም ኮንሶል ኬብል በውሰት የምትጠይቂው እሱን ነው፤ ከተማችን ትንሽ ናት።

የመጨረሻው ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ ሒሳብ ክፍል ከወጣና ሚዛን ቤቱ ከተዘጋ በኋላ። ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፊው። ከዚያ የስዊቹንም የራውተሩንም ሶኬት በእጅሽ ንቀዪ። አንድ ደቂቃ ቆጥረሽ መልሺ። ሰርቨሩን አንሺ፣ ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር 192.168.30.10ን ፒንግ በዪ። ኢንተርኔትም መኖሩን እዪ። ካልመለሰልሽ ስዊቹ ያለሽን እንደገና ቃል በቃል ጻፊልኝ።